ቁጥሩን አትቁረጡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ነው። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ጋዜጣችሁ እዚህ ሲደርስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ተማሪዎቼም ያነቡታል። እናንተ ያተማችሁት ቁጥር ዞሮ ዞሮ እኔ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

በቅርቡ የሰንጠረዡን፣ የቼዝ ጨዋታውን ማለቴ ነው፣ ተረት አውጥታችሁ ነበር። ጨዋታውን የፈጠረውን ሊቅ ንጉሡ «ምን ልሸልምህ?» ሲለው፣ «በመጀመሪያው ቤት 1 ፍሬ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እጥፍ እጥፍ እያደረጋችሁ እስከ 64ኛው ቤት ድረስ እህል ስጡኝ» ያለበትን ማለቴ ነው። ተረቱን በማውጣታችሁ ደስ ብሎኛል። የአባቶቻችንም ሰንጠረዥ 8 በ8 ስለሆነ ያው 64 ቤት ነው፣ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። መጨረሻው ላይ ግን «ድምሩ ወደ 18 ኩዊንቲሊዮን ይጠጋል» ብላችሁ ዘጋችሁት። እኔን ያስጻፈኝ ይሄ ነው።

ድምሩ ወደ ምንም አይጠጋም። ድምሩ 18,446,744,073,709,551,615 ነው። 20 አሃዝ አለው። የጋዜጣችሁን ግማሽ መስመር እንኳ አይሞላም።

«ምን ለውጥ አለው፣ ትልቅ መሆኑን ለማሳየት ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ በመጠኑ እንጀምር። የእኛ አገር እህል ጤፍ ስለሆነ በጤፍ ልቁጠረው። 1 ግራም ጤፍ ውስጥ 3,000 ገደማ ፍሬ አለ። በዚህ ሂሳብ የመጀመሪያው ረድፍ፣ ማለትም 8 ቤት፣ 255 ፍሬ ብቻ ነው፤ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት አይታይም። ሁለት ረድፍ ሲሞላ 65,535 ፍሬ ይሆናል፣ 22 ግራም አካባቢ። ግማሹ ሰንጠረዥ፣ 32 ቤት፣ ሲሞላ 4,294,967,295 ፍሬ ነው። ይሄ 14 ኩንታል ገደማ ይመጣል። ልብ በሉ፣ 14 ኩንታል ጤፍ እኮ እዚህ እነማይ ያለ አንድ ገበሬ ከማሳው የሚያገኘው ነው። ንጉሥ መሆን አያስፈልግም፣ የሰንጠረዡን ግማሽ አንድ ጎበዝ ገበሬ ይከፍለዋል። ሌላው ግማሽ ነው ጉዱ። ሙሉው 61 ቢሊዮን ኩንታል ይደርሳል። ኢትዮጵያ በዓመት የምታመርተው ጤፍ ከ50 ሚሊዮን ኩንታል የሚበልጥ ነው፤ በዚያ ሂሳብ ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቀው ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

አሁን «ወደ 18» ብላችሁ የጣላችሁትን ተመልከቱ። 446,744,073,709,551,615 ፍሬ ነው የጣላችሁት። በኩንታል 1.5 ቢሊዮን አካባቢ ይሆናል። ከ20 ዓመት በላይ የሚሆን የአገሪቱ የጤፍ ምርት፣ በአንድ «ወደ» ጠፋ ማለት ነው።

ግን ይሄም ዋናው ነገር አይደለም። ትልቅ ቁጥር በትልቅነቱ ብቻ ከተደነቀ ልጆቹ ከቁጥር የሚማሩት ፍርሃት ብቻ ነው። «ዋው፣ ትልቅ ነው» ብለው ያልፉታል። የዚህ ቁጥር ሀብት ያለው ውስጡ ነው። ውስጡ የሚታየው ደግሞ አሃዞቹ በሙሉ እስከ መጨረሻዋ 5 ድረስ ሲኖሩ ብቻ ነው። 18 ብላችሁ ከኋላው 18 ዜሮ ስትደረድሩ ሌላ ቁጥር ነው የጻፋችሁት። የእናንተው ለ2 ይካፈላል፣ ለ9 ይካፈላል፣ ለ17 አይካፈልም። እውነተኛው ለ2 አይካፈልም፣ ለ9 አይካፈልም፣ ለ17 ግን ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። በሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ቤት ከሱ በፊት ያሉት ሁሉ ተደምረው ከያዙት በ1 ይበልጣል። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ነው፤ ቀጣዩ ቤት 8 ነው። ስለዚህ የ64ቱ ቤት ድምር፣ 65ኛ ቤት ቢኖር ኖሮ የሚይዘው ሲቀነስ 1 ነው። በሌላ አነጋገር 64 ጊዜ 2ን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ 1 እንቀንሳለን። ይቺ የምትቀነሰው 1 ናት ሁሉን ነገር የምትቀይረው። ሳትቀነስ በፊት ያለው ቁጥር፣ 18,446,744,073,709,551,616፣ ከ2 በቀር ምንም የለበትም፤ ብትፈትሹት ብትፈትሹት 2 ብቻ ነው የሚወጣው። አንዷን ፍሬ አንሱ፣ ከውስጡ 7 የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ይወጣሉ። ብቸኛ ቁጥር የምለው ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም ያለ ቀሪ የማይካፈለውን ነው።

አወጣጡ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ነው። የሁለት ቁጥሮች ካሬ ልዩነት ሁሌም የቁጥሮቹ ድምር ሲባዛ በልዩነታቸው ነው። የኛ ቁጥር የ4,294,967,296 ካሬ ሲቀነስ 1 ስለሆነ 4,294,967,295 ሲባዛ በ4,294,967,297 ይሆናል። የመጀመሪያው ደግሞ ራሱ የካሬ ልዩነት ነው፣ 65,535 ሲባዛ በ65,537። 65,535 ደግሞ 255 ሲባዛ በ257። 255 ደግሞ 15 ሲባዛ በ17። 15 ደግሞ 3 ሲባዛ በ5። እዚህ ላይ ቆመ። ካልኩሌተር አልነካንም። የሰንጠረዡ ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ እያለ ራሱን በራሱ እየፈታ ወረደ። በእጃችን የቀረው 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እና ያ ትልቁ 4,294,967,297 ነው።

የዚህ የመጨረሻው ታሪክ ሰፊ ነው፣ ታገሱኝ። ፈረንሳዊው ፒየር ዴ ፌርማ በሙያው የሕግ ሰው ነበር፣ በሂሳቡ ግን በዘመኑ ከነበሩት የሚያህሉት ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1640 እነዚህን ቁጥሮች (2፣ 4፣ 16፣ 256 እያሉ በራሳቸው እየተባዙ በሚመጡት ላይ 1 ሲጨመር የሚገኙትን) አይቶ፣ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ሁሉም ብቸኛ ስለሆኑ ቀጣዩም፣ ከዚያም በኋላ የሚመጡት ሁሉ፣ ብቸኛ ናቸው ብሎ ገመተ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1732፣ የስዊዘርላንዱ የሂሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር 4,294,967,297 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ድርሻው 6,700,417 ነው። እርሳስ ያለው ሰው አሁኑኑ ያባዛው፣ በትክክል ይመጣል።

641ን እንዴት አገኘው? በጭፍን አንድ በአንድ ብትሞክሩ እዚያ ለመድረስ ከመቶ በላይ ብቸኛ ቁጥሮችን ትሞክራላችሁ። የዚህን ቁጥር አካፋይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ግን ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ ይሄንንም ያረጋገጠው ኦይለር ነው። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተገኘ! ለተማሪዎቼ ይሄን ሳሳያቸው የሚገርማቸው መልሱ አይደለም፣ የፍለጋው ማጠር ነው። ጉልበት ሳይሆን ሐሳብ ነው መንገዱን ያሳጠረው። እኔም ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስለዚህ የኛ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ሲፈታ 3 ሲባዛ በ5፣ በ17፣ በ257፣ በ641፣ በ65,537፣ በ6,700,417 ነው። ሰባት ናቸው፣ ማንም አይደገምም። እያንዳንዳቸውን ማስገባት ወይም መተው ስለሚቻል የቁጥሩ አካፋዮች ብዛት 2 በ2 ሰባት ጊዜ ሲባዛ ነው፣ 128። ይቺ 128 የት እንዳለች ታውቃላችሁ? በሰንጠረዡ በመጀመሪያው ረድፍ የመጨረሻ ቤት ላይ ያለው የፍሬ ብዛት ናት።

ሌላም አለ። እስከ ዛሬ ድረስ በፌርማ ዓይነት ከተሠሩት ቁጥሮች ብቸኛ ሆነው የተገኙት እነዚያው 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቻ ናቸው። ስድስተኛ አልተገኘም። በሰው ልጅ እጅ ያሉት በሙሉ እናንተ በቆረጣችሁት ቁጥር ውስጥ ናቸው። አምስቱን ስታባዟቸው 4,294,967,295 ይመጣል፤ ቅድም 14 ኩንታል ያልኩት የግማሹ ሰንጠረዥ ድምር ማለት ነው። በ1796 ገና 19 ዓመት ያልሞላው ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ፣ 17 እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ምስል በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሣል እንደሚቻል አረጋገጠ። ከግሪኮች ወዲህ ማንም ያላገኘው ነገር ነበር። እሱ በከፈተው መንገድ ስንሄድ፣ ዛሬ በማስመሪያና በኮምፓስ መሣል እንደሚቻል የሚታወቀው ጎኖቹ ጎዶሎ ቁጥር የሆኑ ትልቁ እንዲህ ያለ ጎነ ብዙ ስንት ጎን አለው? 4,294,967,295። የጤፍ ቆጠራና የጂኦሜትሪ ጫፍ እዚህ ቁጥር ላይ ተገናኙ።

የጎጃም አንባቢ ደግሞ ይሄን ይውደድልኝ። ሊቁ 64 ቤት ሳይሆን 61 ቤት ብቻ ቢጠይቅ ድምሩ 2,305,843,009,213,693,951 ይሆን ነበር። ይሄኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። ለ3 ሰው አይካፈል፣ ለ17 አይካፈል፣ ለማንም እኩል አይካፈል። ማሪን ሜርሰን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ሲዘረዝር 61ን ዘሎታል። ያረጋገጠው ማን ነው? ኢቫን ፔርቩሺን የሚባል በሩሲያ በኡራል አካባቢ የሚያገለግል ኦርቶዶክስ ቄስ። በ1883። የቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱን እየፈጸመ፣ በብዕርና በወረቀት፣ 19 አሃዝ ያለውን ቁጥር ብቸኛነት አረጋገጠ።

ይሄን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ጋ ቄሶችና መሪጌቶች በቁጥር ሲራቀቁ ኖረዋል። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫውን ስሌት፣ የተማረ ሰው ትልቅ ቁጥር አያስፈራውም፤ መግደፍ፣ ማለትም እየቀነሱ ቀሪውን ብቻ መያዝ፣ ያውቃላ። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5,500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7,518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ መደብ ነው። 1 ሲቀነስ 12፣ ወንበር። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ይሄ በየአብነት ትምህርት ቤቱ በቃል የሚወጣ ነው።

አሁን በዚያው ዘዴ የሰንጠረዡን ቁጥር እንያዘው። እጥፍ እያደረጉ 19ን መግደፍ ነው። 2፣ 4፣ 8፣ 16፤ ቀጥሎ 32፣ ሲገደፍ 13፤ 26፣ ሲገደፍ 7፤ 14፤ 28፣ ሲገደፍ 9፤ 18፤ 36፣ ሲገደፍ 17። ይሄ 10ኛው ነው። እንዲህ ብትቀጥሉ 18ኛው ላይ 1 ይመጣና ዙሩ እንደገና ይጀምራል። 64 ማለት ሦስት ሙሉ ዙርና 10 ነው። ስለዚህ 64ኛው ከ10ኛው ጋር አንድ ነው፣ 17። ፍሬዋ ስትቀነስ 16። በባሕረ ሐሳብ አነጋገር መደቡ 17፣ ወንበሩ 16 ሆነ ማለት ነው። 20 አሃዙን ማንም ሳይጽፈው ቀሪው ታወቀ! ይሄ ዘዴ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ትምህርት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንዱ ነው። የቢቸና፣ የደብረ ማርቆስ፣ የሞጣ ልጅ ግን ይሄ ነገር ከሩቅ የመጣ እየመሰለው ነው የሚማረው፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

እጥፍ ማድረግም እንግዳችን አይደለም። በውጭ የሂሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ የሚጠቀስ ዘዴ አለ፤ የጥንት ግብፃውያንም ተመሳሳይ ነበራቸው። 13ን በ25 ለማባዛት በአንድ በኩል 13ን ለ2 እያካፈሉ ይወርዳሉ፣ ትርፉን እየተዉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በሌላው በኩል 25ን እጥፍ ያደርጋሉ፦ 25፣ 50፣ 100፣ 200። በግራ ለ2 ያለ ቀሪ የሚካፈለው 6 ስለሆነ ከፊቱ ያለውን 50ን ትተው የቀሩትን ይደምራሉ፣ 325። ለምን ይሠራል? 13 ማለት 1፣ 4 እና 8 ስለሆነ። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ከሰንጠረዡ ቤቶች መርጦ በመደመር ይሠራል፣ በአንድ መንገድ ብቻ። በ64ቱ ቤት ከ0 ጀምሮ እስከ 18,446,744,073,709,551,615 ያለ ማንኛውም ቁጥር፣ አንድም ሳይዘለል፣ አንድም ሳይደገም ይሠራል። የዛሬው ስማርት ስልክም ውስጡ ይሄው ነው። 64 ቢት የሚባለው 64 ቤት ነው፣ የተመረጠው 1፣ የተተወው 0። ሁሉም ቤት 1 ሲሆን የኛ ቁጥር ነው። ከዚያ 1 ብትጨምሩበት ቦታ አልቆ ወደ 0 ይመለሳል።

ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የመካከለኛው እስያ ሊቅ አልቢሩኒ ይሄንኑ የሰንጠረዥ ድምር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ በትክክል አውጥቷል። 2ን በራሱ፣ 4ን በራሱ፣ 16ን በራሱ እያባዙ ስድስት ጊዜ ሲሄዱ የሚደረስበት መንገድ ነው። ካልኩሌተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ። እሱ ሳይቆርጥ የጻፈውን እኛ ለምን እንቆርጣለን?

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ቁጥሩን በሙሉ አትሙልን፤ ግድፈት እንዳይገባበት ደግሞ አሃዞቹን ደምሩ፣ 87 መምጣት አለበት። የሕዝብ ብዛት ወይም የበጀት ወሬ ሲሆን አጠጋግታችሁ ጻፉ፣ ያንን እረዳለሁ። ወሬው ራሱ ቁጥሩ ሲሆን ግን አትንኩት። ሁለተኛ፣ ለእንቆቅልሽና ለኮከብ ቆጠራ ከምትሰጡት ቦታ ትንሽ ቀንሳችሁ በሳምንት አንድ የቁጥር ዓምድ ክፈቱ። መምህራን እንጽፍበታለን፣ ያለ ክፍያ። መሪጌቶችም ይጽፉበታል፣ እኔ ራሴ እለምናቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አሁኑኑ ልላክ። የሰንጠረዡን የመጀመሪያ 2 ቤት ብንደምር 3 ነው፣ 3 ቤት ብንደምር 7፣ 5 ቤት 31፣ 7 ቤት 127። ድምሮቹ ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ የቤቶቹም ብዛት ብቸኛ ነው። 11ም ብቸኛ ነው። የ11 ቤት ድምር 2,047 ነው። ታዲያ 2,047 ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም? ካልሆነ ማንና ማን ሲባዙ ይመጣል? መልሱን ከጥያቄው ጋር አብራችሁ አታውጡት። አንድ ሳምንት ስጧቸው፣ ልጆቹ ይድከሙበት።

አክባሪያችሁ፣
የሂሳብ መምህር
ቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም